«እንደ ሲሚንቶ ነው» ያልኩት ቃልና የደንዲ ሐይቅ ጀልባ ወለል

ይህን ማስታወሻ የምጽፈው በአንድ ምክንያት ነው። ከጉዞዬ ስመለስ ለወርክሾፓችን ኃላፊ ያቀረብኩት ሪፖርት አንድ ገጽ ብቻ ነበር፤ በዚያ ገጽ ላይ «በሥራው ሂደት መጠነኛ መስተጓጎል አጋጥሞ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ዓረፍተ ነገሩ ውሸት የለበትም፤ እውነቱን ግን አይናገርም። መስተጓጎሉን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ያመጣሁትም በእጄ ሳይሆን በአፌ ነው። ያቃኑት ደግሞ በሪፖርቱ ላይ ስማቸው ያልተጠቀሰ ሴት ናቸው። በባሕር ዳር ያሉ የሥራ ባልደረቦቼ ወደ ምዕራብ ሸዋ የሚሄዱበት ጉዳይ ላይገጥማቸው ይችላል። ቢሆንም ነገሩ እንዴት እንደነበረ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ቢያውቁት እወዳለሁ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ደንዲ ከጊንጪ ከተማ በስተደቡብ፣ በተራራ አናት ላይ፣ በጥንት እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። በወዲያኛው ዳርቻ ሰዎች ይኖራሉ፤ ጤና ኬላውና ትምህርት ቤቱ ያሉት ግን በወዲህኛው ነው። ዙሪያውን በእግር ለመሄድ ገደሉን እየታከኩ ግማሽ ቀን ያስፈልጋል። ከዓመታት በፊት ወርክሾፓችን የሠራት አንዲት የፋይበርግላስ ጀልባ በአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ለዚህ ሐይቅ ተሰጥታ ነበር። እኔ ከመላኬ በፊት በነበረው ክረምት የጀልባዋ ወለል ተሸንቁሮ የአንዲት ጤና ሠራተኛ እግር እስከ ጉልበቷ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክትባት ወደ ማዶ አልተሻገረም። ሚሊኒየሙ ባለፈ በሁለተኛው ዓመት፣ በጥር ወር፣ ከወረዳው አንድ ደብዳቤ ደረሰን፦ ጀልባዋ በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ በኮሚቴ ትታያለች፤ ብቁ ሆና ካልተገኘች በመኪና ተጭና ለሌላ ሐይቅ ትሰጣለች።

የዚህ ዓይነቱ ወለል ሁለት ስስ የፋይበርግላስ ቆዳዎች ናቸው፤ በመካከላቸው ቀላል እምብርት አለ። እምብርቱ ቀላልና ደረቅ እስከሆነ ድረስ ወለሉ ሰው ይሸከማል። በአንዲት የብሎን ቀዳዳ ውሃ ከገባ ግን ቆዳው ከላይ እያበራ እምብርቱ ከውስጥ ይበሰብሳል። የተላክሁት ይህንን እምብርት ለመቀየር ነበር።

ማክሰኞ

ከባሕር ዳር በአውቶቡስ ማልደን ተነሣን። ሻንጣዬ አንድ ሲሆን ዕቃዬ ግን ብዙ ነበር፦ ሁለት ጀሪካን ሬዚን፣ ሬዚኑን የሚያጠነክረው ሃርድነር በትንሽ ጠርሙስ፣ አንድ ጥቅል የመስታወት ጨርቅ፣ ሦስት ሉህ ፎም፣ የመሣሪያ ቦርሳ። የመስታወት ጨርቁን ወደ ጣሪያ ያወጣው ረዳት እስከ ደጀን ድረስ ክንዱን ሲያክ ነበር። «ምን አሸከምከኝ አንተ ሰውዬ፣ ሳማ ነው እንዴ?» አለኝ። መስታወት መሆኑን በትሕትና ብነግረው የባሰ ማከክ ጀመረ።

የዓባይን በረሃ ስንወርድ ጣናን ጥሎ የሚሄደውን ወንዝ በሌላ ጠባዩ አየሁት። እኛ ዘንድ ዓባይ ከሐይቁ ሲወጣ ዝም ያለ ነው፤ እዚህ ድንጋይ ሲፈልጥ የኖረ ጉልበተኛ ነው። አዲስ አበባ አመሻሽ ላይ ደረስን። ያረፍኩበት አልጋ ቤት ዘበኛ ጀሪካኖቹን አሽትተው «ይህ ነገር ከእኔ ጋር ደጅ ይደር፤ ሰው ያለበት ክፍል አይገባም» ብለው ጋቢያቸውን አልብሰው አሳደሩልኝ። ጋቢው ሬዚን ሬዚን ይሸት ነበር፤ ጠዋት ይቅርታ ብጠይቃቸው «ቁንጫ ያባርራል» አሉኝ።

ረቡዕ

ወደ አምቦ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ዕቃዬን ስጭን ረዳቱ ሉሆቹን በጣቱ ተጫናቸው።

«ይሄ ምንድን ነው ወንድሜ?»

«ፎም ነው።»

«ገባኝ፣ ስፖንጅ።»

«ስፖንጅ አይደለም። ለጀልባ ወለል የሚሆን እምብርት ነው።»

«እሺ እሺ፣ የወለል ፍራሽ» አለና ከሌሎች ፍራሾች ጋር ደረደረው።

ጣሪያው ላይ ሌሎች ፍራሾች መኖራቸውን ልብ ማለት ነበረብኝ። ሆለታ ላይ አንድ የሠርግ ቤተሰብ እልልታ እያሰማ ወረደ፤ ዕቃቸውም ወረደ። እኔ በመስኮት አጠገብ መጽሐፍ እያነበብኩ ነበር። አምቦ ደርሰን ጣሪያው ሲራገፍ ጀሪካኖቹ ወረዱ፣ ጥቅሉ ወረደ፣ ከዚያ በኋላ የወረደ የለም።

ረዳቱ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። «ሆለታ! ከሙሽራዋ ዕቃ ጋር አወረድኩት! የእነሱ መስሎኝ እኮ ነው። ሦስት ፍራሽ ነው ያለን ያሉኝ፣ ስድስት አወረድኩላቸው። መረቁኝ እኮ!»

«ታዲያ ሦስት ብለው ስድስት ሲወርድ ምንም አላሉም?»

«በሠርግ ቀን ማን ይቆጥራል? እንደ ስጦታ ያዝላቸው በቃ።»

ያ ፎም እንደ ሰሌዳ የደረቀ ነው። ሙሽሮቹ ምን ያህል ቀን እንደተኙበት አላውቅም፤ ትዳራቸው ግን ከወለሉ የበለጠ እንዲጸና ከልቤ ተመኝቻለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ለመመኘት አቅም አልነበረኝም። አደባባዩ ላይ ቆሜ፣ እምብርት የሌለው የእምብርት ጠጋኝ ሆኜ ቀረሁ።

ወደ ዞኑ ጽሕፈት ቤት ሄጄ የሥራ ፈቃድ ደብዳቤዬን ጠየቅሁ። ጸሐፊው ጎልማሳ ናቸው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ በሁለት ቋንቋ ይናገራሉ። «አካም ጅርታ? ቁጭ በል። ደብዳቤው ቱሪ፣ ትንሽ ታገሥ፣ ይፈረማል።» የደረሰብኝንና በፎሙ ፈንታ ቀላል እንጨትም እንደሚሆነኝ ስነግራቸው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ረቡዕ ማለት ረቡዕ ነው። ኮሚቴው ሲመጣ መኪናውንም አስከትሎ ነው። ቀላል እንጨት ከሆነ የምትፈልገው፣ ጊንጪ ላይ ጋሽ ወርቅነህ የሚባሉ አናጢ አሉ። ከእኔ ሰላም በላቸው። የአልጋዬን እግር መቼ ነው የሚጨርሱት በላቸው።»

ባሕር ዳር ውስጥ «ውሃ» ካልክ ውሃ ይመጣል። አምቦ ውስጥ አስተናጋጇን ውሃ ብጠይቃት «የቱን?» አለችኝ። ከመሬት የሚፈላውን የጋዝ ውሃ ነው ወይስ የቧንቧውን ማለቷ ነው። ለእነርሱ ሁለቱም ውሃ ነው። አንድ ቃል ቦታው ሲለወጥ ሌላ ነገር እንደሚሆን ያን ጊዜ ማስተዋል ነበረብኝ፤ እኔ ግን የጋዙን ጠጥቼ ተኛሁ።

ሐሙስ

ትናንት ያለፍኩትን መንገድ ወደ ኋላ ተመልሼ ጊንጪ ወረድኩ። ጋሽ ወርቅነህ ቅድመ አያታቸው ከመንዝ መጥተው እዚህ እንደሰፈሩ ገና ሳልቀመጥ ነገሩኝ። ሱቃቸው የዋንዛና የጥድ ሽታ አለው። የአልጋውን እግር ጉዳይ ሳነሣ አልሰማሁም አሉ።

«ካለዎት እንጨት ሁሉ ቀላሉን ፈልጌ ነበር» አልኳቸው።

«ቀላል? ርካሽ ማለትህ ነው?»

«ክብደቱ የቀለለ።»

ፊታቸው ተኮሳተረ። «ኮርች አለ። እነሱ በኦሮምኛ ወሌንሱ የሚሉት። ግን ልጄ፣ ኮርች አጥር ነው እንጂ እንጨት አይደለም። አይነድም፣ ምስማር አይዝም። ኮርች ሸጠልኝ ብለህ ስሜን ባሕር ዳር ድረስ ልታጠፋው ነው?»

ከጣሪያቸው ሥር ለሦስት ዓመት የተረሳ አንድ የኮርች ግንድ ነበር። ሳነሣው ጣቶቼ ሊያምኑት አልቻሉም፤ ከፎሙ ብዙም አይከብድም። በቁመቱ ሳይሆን በአግድሙ፣ በአንድ ጣት ውፍረት እንዲቆርጡልኝ ስጠይቃቸው መጋዛቸውን አስቀመጡ።

«እንደ ዳቦ?»

«እንደ ዳቦ።»

«እንጨት እንዲህ ከተቆረጠ በቀላሉ ሰበር ይላል። አርባ ዓመት ሠርቻለሁ።»

አንድ እፍኝ የገብስ ጭድ ከደጅ አምጥቼ አስተኛሁትና ተጫንኩት፤ ተደፈጠጠ። ሌላ እፍኝ አስሬ አቆምኩትና ተጫንኩት፤ ቆመ። «የእንጨቱ ጭረት ከቆመ ከላይ የሚመጣውን ክብደት ይሸከማል። መሰበሩን ደግሞ ሁለቱ የመስታወት ቆዳዎች ይከላከሉለታል» አልኳቸው። ጭዱን ደጋግመው ተጫኑት። ከዚያ መጋዙን አነሡ። በዚያች ምሳሌ ኩራት ተሰምቶኝ እንደነበር አልደብቅም። ምሳሌ ሁልጊዜ እንደዚያች የሚሠራ መሰለኝ።

ምሳ በቤታቸው በላሁ፤ ባለቤታቸው ያቀረቡት ሽሮ ከእኛ የሚለየው በቅመሙ ነው። ስሸኝ ጋሽ ወርቅነህ የቆራረጡትን በሁለት ማዳበሪያ ሞልተው «ከፈረሰ፣ የሸጠልኝ ዋንዛ አይደለም በል» አሉኝ።

ዓርብ

በአይሱዙ ላይ፣ በድንች ማዳበሪያዎች መካከል ተቀምጬ ወጣሁ። መኪናው ከቆመበት ጀምሮ ዕቃውን በቅሎ ተሸከመችው። ከተራራው ከንፈር ላይ ስደርስ ሐይቁ ከታች ታየኝ። ጣናን ለለመደ ዓይን ትንሽ ነው፤ ጣና ላይ ማዶው አይታይም፣ እዚህ ማዶው ላይ የተሰጣ ልብስ ይቆጠራል። ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ ሳለ ግማሽ ቀን መራቁን ለመረዳት ገደሉን ማየት ያሻል። ብርዱ ሌላ ነው። የእኛ ጥር ጃኬት ያስወልቃል፤ የእነርሱ ጥር ገብስ ላይ አመዳይ ያስቀምጣል።

የጀልባዋ ጠባቂ ኦቦ ቶላሳ ዳርቻው ላይ ጠበቁኝ። ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ ናቸው።

«እንኳን ደህና መጣህ ኢንጂነር።»

«ኢንጂነር አይደለሁም አባቴ፤ ቴክኒሻን ነኝ።»

ባለቤታቸው አዴ ቦንቱ ከኋላቸው ሆነው «ታዲያ ኢንጂነሩን ምነው አልላኩልን?» አሉ። ከዚያች ሰዓት በኋላ ማዕረጌን አላረምኩም።

ጀልባዋን በግንድ ላይ አንከባለን ወደ ደረቅ አወጣናት። የወለሉን የላይ ቆዳ በመጋዝ ቆርጬ ሳነሣው የወጣው ሽታ ኦቦ ቶላሳን ወደ ኋላ አስኬዳቸው። እምብርቱ ጥቁር ጭቃ ሆኗል፤ በማንኪያ ይወጣ ነበር።

«ከላይ ሲያዩት ደህና ነበር እኮ» አሉ። «በየጠዋቱ አጥበው ነበር። እንደ መስታወት ነበር የሚያበራው።»

«አውቃለሁ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።»

ጤና ሠራተኛዋ ሲስተር ጫልቱም መጣች። ካነሣሁት ቆዳ ላይ እግሯ የገባበትን ቀዳዳ አሳየችኝ፤ ከዚያም ሱሪዋን ጥቂት ከፍ አድርጋ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየችኝ፤ ሁለቱ ልክ በልክ ነበሩ። «ማዶ ያሉትን ሕፃናት በስም አውቃቸዋለሁ» አለች። «የአንዳንዱን ካርድ እኔው ነኝ የያዝኩለት። ከኮሚቴው አንዷ እኔ ነኝ ኢንጂነር፣ አላዳላልህም። በዚችው እግሬ ነው የምቆምበት።»

እራት ድንችና ቆጮ ከአይብ ጋር ነበር። በባሕር ዳር እንግዳ «ብላ ብላ» ይባላል፤ እዚህ ሳህኑ ሳይጎድል ይሞላል እንጂ ማንም ምንም አይልም። ከጸለዩ በኋላ የራሳቸውን አልጋ ለቀቁልኝ። እምቢ ብል አዴ ቦንቱ «ቴክኒሻን መሬት ላይ ይተኛል ማን አለ?» አሉኝ።

ቅዳሜ

ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ የቀረውን ብስባሽ ፈቅፍቄ የታችኛውን ቆዳ አጸዳሁ። እኩለ ቀን ላይ ሬዚኑን በሃርድነር ለወስኩና በታችኛው ቆዳ ላይ አፈሰስኩ፤ የኮርች ቁራጮቹን አንድ በአንድ አጠገብ ለአጠገብ ደረደርኳቸው። ኦቦ ቶላሳ ያቀብሉኝ ነበር፤ እጃቸው እንደ አንጥረኛ እጅ የማይቸኩል ነው። ሲያልቅ ንጣፉ የማር እንጀራ መሰለ። አንድ ጀሪካን ሬዚን አልቆ ነበር። የላይኛውን ቆዳ ለማልበስ የታችኛው እስኪያዝ ድረስ እስከ ነገ መጠበቅ ነበረብኝ፤ በዚያ ብርድ ሬዚን ዘግይቶ ነው የሚይዘው።

«አሁን ምን ይሆናል?» አሉኝ ኦቦ ቶላሳ።

እዚህ ላይ ነው ያጠፋሁት። ኬሚስትሪውን ከመዘርዘር ብዬ፣ የሐሙሱም ጭድ እያኮራኝ፣ «እንደ ሲሚንቶ ነው አባቴ። ቀስ እያለ ይጠነክራል። እስከ ነገ ይጠብቁልኝ» አልኳቸው።

«እንደ ሲሚንቶ» አሉ፤ ፊታቸው በራ። «ሲሚንቶ አውቃለሁ። ጤና ኬላው ሲሠራ የወለሉ ጠባቂ እኔ ነበርኩ። አሁንም ድረስ አንድ ስንጥቅ የለውም። ተኛ አንተ፣ አታስብ።»

አላሰብኩም።

እሑድ

ስነሣ ኦቦ ቶላሳን ለጸሎት ቤት ለብሰው፣ ጫማቸው ግን እርጥብ ሆኖ፣ ደጅ ላይ አገኘኋቸው። ደስ ብሏቸዋል።

«ሁለት ጊዜ አጠጣሁት» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ወለሉን። ገና ሳይነጋ አንድ ጊዜ፣ አሁን አንድ ጊዜ። በእርጥብ ጆንያም ሸፍኜዋለሁ። ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው።»

ሮጥኩ። ጆንያዎቹን ገለጥኩ። ጭረታቸው ወደ ላይ የቆመ ቁራጮች ውሃን የሚጠጡት እንደ ኩራዝ ፈትል ነው፤ ያ ለክብደት የጠቀመኝ አቋማቸው ለውሃ በር ሆኖለት ነበር። ሁሉም አብጠዋል። ገና ያልያዘው ሬዚን በመካከላቸው ነጭ ወተት መስሏል። አንዱን በጥፍሬ ሳነሣው ያለ ምንም ትግል መጣልኝ።

ኦቦ ቶላሳ ከኋላዬ ቆመዋል። «ሲሚንቶ ውሃ ካላጠጡት ይሰነጠቃል» አሉ፤ እየተከላከሉ አይመስሉም ነበር፤ የሚያውቁትን እያሰቡ ነበር። «በዓይኔ አይቻለሁ። አንተ እንደ ሲሚንቶ ነው አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ?»

«እርስዎ ያደረጉት እኔ ያልኩትን ነው። የተሳሳተው አባባሌ ነው።»

 እርጥቡን ጆንያ አንሥተው እየጨመቁ ቆዩ። ጨምቀው ሲያበቁ እንደገና አጠፉት፤ እንደገና ጨመቁት። ረቡዕ መኪናው ሲመጣ ጀልባዋን አስረው የሚያወጡት እርሳቸው ናቸው፤ ይህ ጠባቂው የሚፈጽመው ግዴታ ነው። ያን ጊዜ ያሰቡት እርሱን መሆኑን ሳይነግሩኝ አወቅሁ።

ዳርቻው ላይ ተቀምጬ የቀረኝን ቆጠርኩ፦ አንድ ጀሪካን ሬዚን፣ ሃርድነር፣ የመስታወት ጨርቅ። ደረቅ እንጨት የለኝም። ወሌንሱ በየአጥሩ አለ፤ ግን ሁሉም እርጥብ ነው። ጊንጪ ወርጄ ደረቅ ግንድ ባገኝ እንኳ ደርሼ መመለስ ሁለት ቀን ይፈጃል። አዴ ቦንቱ ከጸሎት ቤት ሳይመለሱ አልቀሩም፤ ድምፃቸውን ከላይ ሰማሁት።

«አንተ ልጅ! ና እስቲ።»

ወጣሁ። የቤታቸውን በር በጣታቸው አንኳኩ። እንደ ከበሮ ተመታ።

«ይሄስ?»

ሦስት ጣት የሚወፍር፣ በጭስ የጠቆረ በር ነው። በሩን በአንድ እጄ ገፋሁት፤ ለስፋቱ የማይገባ ቅለት ነበረው። በቢላዋ ጫፍ ፋቅሁት፤ ከጥቀርሻው ሥር ነጭ ኮርች ወጣ፤ አጥንት የመሰለ ደረቅ።

«አዴ ቦንቱ፣ ይህ የቤትዎ በር ነው።»

«በር መሆኑን አላጣሁትም ልጄ። ከተዳርኩ ጀምሮ ስከፍተውና ስዘጋው ነው የኖርኩት። ያን ሁሉ ዓመት ከምድጃው ጭስ በላይ ማን አድርቆታል?»

ኦቦ ቶላሳ ደረሱ። «የአባቴ በር ነው» አሉ በቀስታ።

«አባትህ ቢኖሩ ራሳቸው ይነቅሉት ነበር። ወይም ውሃ ያጠጡት ነበር፤ ዘራችሁ ውሃ ይወዳል።»

ኦቦ ቶላሳ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። «ብርዱስ?» አልኳቸው።

«ብርዱ ይገባል። ገብቶ ምን ይወስዳል?» አሉና ወደ ሐይቁ ማዶ በአገጫቸው አመለከቱ። «እህቴ እዚያ ነው የተዳረችው። ሦስት የልጅ ልጆች አሏት፤ መርፌ ያየ አንድ ነው።»

በሩን ኦቦ ቶላሳ ራሳቸው ከማጠፊያው አወጡት፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀዱም። ከጸሎት ቤት የተመለሱ ጎረቤቶች ሁለት መጋዝ ይዘው መጡ። በሰንበት መሥራት ይፈቀድ እንደሆነ አንዱ ጠየቀ፤ አዴ ቦንቱ «አንተ መጋዙን ያዝ፣ እኔ እጸልይልሃለሁ» አሉት። በሩ እስከ ማታ ድረስ ቁራጭ ቁራጭ ሆነ።

ሰኞና ማክሰኞ

ሰኞ እርጥቡን እምብርት ነቅዬ የታችኛውን ቆዳ ፍቄ አደረቅሁ። ከዚያ የበሩን ቁራጮች ደረደርኳቸው፤ አንድ ወገናቸው በጭስ የጠቆረ ስለሆነ ንጣፉ እንደ ዳማ ሰሌዳ ጥቁርና ነጭ ሆነ። ሬዚኑን በብሩሽ እየቆጠብኩ ነው ያለበስኩት። በዚህ ጊዜ ምሳሌ አልተናገርኩም። ኦቦ ቶላሳ «አሁን ምን ይሆናል?» ሲሉኝ «ውሃ አይንካው፣ ጤዛም አይንካው፣ ፀሐይ ይምታው» አልኳቸው። ደረቅ ሸራ ድንኳን አድርገው በላዩ ተከሉና እንደ አዲስ የተቀጠረ የሬሳ ቤት ዘበኛ በአጠገቡ ተቀመጡ። ማክሰኞ የላይኛውን ቆዳ አለበስኩ። አራት ድርብ የመስታወት ጨርቅ ማልበስ ይገባኝ ነበር፤ ሬዚኑ የበቃው ለሦስት ነው። ይህን ደበቅሁ ማለት ስለማልፈልግ ለሲስተር ጫልቱ ነገርኳት።

«ይይዛል?»

«ይይዛል ብዬ አምናለሁ። እርግጠኛ ነኝ ማለት ግን አልችልም።»

«ጥሩ» አለች። «የሚያምን ሰው ጎኔ ይቁም እንግዲህ።»

በእነዚህ ሁለት ቀናት ቤቱ በር አልነበረውም። አዴ ቦንቱ ጆንያ ሰፍተው ሰቅለው ነበር፤ ነፋሱ እንደ ሸራ ይነፋው ነበር። በግ ሦስት ጊዜ ገባ። ሦስተኛው ሲገባ «ግቡ፣ ሁላችሁም ግቡ፣ ዛሬ ሁሉም እንግዳ ነው» ብለው ሳቁ።

ረቡዕ

የኮሚቴው ሊቀመንበር ካፖርት የለበሱ፣ ሰዓታቸውን ደጋግመው የሚያዩ ሰው ነበሩ። መኪናው ከተራራው በላይ ቆሟል። ወለሉን በጣቴ ነካሁት፤ ጠርዙ ገና ይጣበቃል። ፀሐይ ከገደሉ በላይ እስክትወጣ እንዲጠብቁ ለመንኳቸው።

«ብቁ ነው ወይስ አይደለም? አንድ ቃል በቂ ነው።»

«ጥቂት ይቆዩ።»

«ይሄ ሦስት ቃል ነው» ያለችው ሲስተር ጫልቱ ናት፤ ሊቀመንበሩ ግን የሚያናግሩት እርሷን አልነበረም። «ሁለት ነው ይቅርታ። ይቆዩልን ጌታዬ፤ እግሩ የእኔ ነው።»

ቆዩ። ፀሐይ ወጣች፤ ወለሉ ሞቀ፤ ጠርዙ ደረቀ። ሲስተር ጫልቱ ጫማዋን አውልቃ ወጣች። እኔም ቃሌን ለመጠበቅ አጠገቧ ቆምኩ። በመጀመሪያ በሁለት እግሯ ቆመች። ከዚያ ጠባሳ ባለበት እግሯ ብቻ ቆመች። ከዚያ ኦቦ ቶላሳ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳሉ ዘለለች። የተሰማው ድምፅ አጭርና ድፍን ነበር፤ ባዶ ነገር የሚሰጠውን ድምፅ አልሰጠም። አሁንም ዘለለች። ወለሉ አልተነቃነቀም።

«ሣጥኑን አምጡልኝ» አለች።

«የቱን ሣጥን?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«የክትባቱን። ዛሬ ከመጣሁ ምን እጠብቃለሁ?»

«ገና አልተፈረመም እኮ!»

ጀልባዋ ግን በጎረቤቶቹ ትከሻ ወደ ውሃው እየተንሸራተተች ነበር። ሊቀመንበሩ ወረቀታቸውን ይዘው እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገቡና በጀልባዋ ጠርዝ ላይ አስደግፈው ፈረሙ። ኦቦ ቶላሳ መቅዘፊያውን አነሡ። ጫማዬ እርጥብ ሆኖ ከአዴ ቦንቱ ጋር ዳርቻው ላይ ቀረሁ።

አዴ ቦንቱ እጃቸውን በግንባራቸው ላይ አድርገው አሻግረው እያዩ «በሬ ማዶ ተሻገረ» አሉ።

ሊቀመንበሩ ካፖርታቸውን እየጨመቁ ዘወር አሉ። «በዚህች ጀልባ ከብት ማጓጓዝ በጥብቅ የተከለከለ ነው።»

የጎረቤቶቹ ሳቅ እስከ ሐይቁ መካከል ድረስ የተሰማ ይመስለኛል፤ ኦቦ ቶላሳ ቀና ብለው አይተውናልና።

ሐሙስ እስከ ቅዳሜ

ሐሙስ ጊንጪ ወርጄ ለጋሽ ወርቅነህ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። «ለመሆኑ የማጠፊያው ቦታ ስንት ስንት ነው?» አሉኝ፤ የበሩን ልክ በእርሳስ ግድግዳቸው ላይ ጻፉ። ለእነ ኦቦ ቶላሳ በዋንዛ እንደሚሠሩላቸውና ራሳቸው ይዘው እንደሚወጡ ነገሩኝ። ዓርብ አዲስ አበባ አደርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጣና ታየኝ፤ ማዶው የማይታይ ሰፊ ውሃ ነው፤ ዳርቻው ላይ የቆሙት የእኛ ጀልባዎች ወለል እንዴት እንደሚያበራ አየሁና ሰኞ ጠዋት ሁሉንም አንድ በአንድ በመዶሻ እጀታ ለማንኳኳት ወሰንኩ።

የጠፋው ይህ ነው።

ፎም፣ ሦስት ሉህ።
ሬዚን፣ አንድ ጀሪካን።
የኮርች ግንድ፣ አንድ።
ብሩሽ፣ አራት።
በር፣ አንድ።